የአያቴ ላሞችና የወባ ትንኝ

እስከ ዛሬ የዚህ መጽሔት አንባቢ እንጂ ጸሐፊ ሆኜ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት አስረኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማነበው እሁድ እሁድ በማኅበራችን ቤት፣ ሌላውን ቀን ደግሞ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በስልኬ ነው። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ የቤተሰብ ክርክር ነው። ክርክሩ ላሞች የት ይደሩ የሚል ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ መልሱን ስፈልግ ግን ጣሊያንና ሆላንድ፣ ደቡብ አሜሪካና ፓኪስታን ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ብዙዎቻችን ብር የምንልከው ቆላና ወይና ደጋ ላለ ቤተሰብ ስለሆነ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

የኔ ሀገር ደምቢያ ነው፤ ከጎንደር ወደ ጣና ሲወርዱ ያለው ሜዳ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል። መስከረም ሲጠባ ውኃው እየሸሸ ኩሬና ረግረግ ትቶ ይሄዳል። ከኩሬው ጋር ወባ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ከዚህ ከቤይሩት ለአያቴ የቤት ማደሻ ብር ላክሁ፤ የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ እንዲለብስ፣ በተረፈው ደግሞ ለከብቶቹ ለብቻ በረት እንዲሠራ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ከብትና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር አይደር» እያለች ስትመክራቸው ቆይታለች። ቆርቆሮው ለበሰ። በረቱ ግን አልተሠራም። እምዬ እምቢ አለች።

ደወልኩላት። «እምዬ፣ ገንዘቡ አልበቃም እንዴ?»

«ገንዘቡ ተቀምጧል፤ መልሱልኝ ካልሽም ይመለስልሽ። ላሞቼን ግን ከጋጣዬ አላወጣም። በንዳዱ ዓመት የተረፈው ከብት ያለበት ቤት ነው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንቺ አላየሽም።»

ምን ልበላት? የሦስት ወር ደመወዜ ነው፤ አናደደኝ። ግን ደግሞ እምዬ ያለ ነገር የምትናገር ሰው አይደለችም። አንድ የአክስቴ ልጅ እዚያው ቤት ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሁለት ጊዜ ወባ ይዟታል። ስለዚህ ማን ልክ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ እምዬ ናት ወይስ የጤና ሠራተኛዋ?

የንዳዱ ዓመት

እምዬ ዓመተ ምሕረት አትቆጥርም። የንዳዱ ዓመት መቼ ነበር ስትባል «ጎንደር የሐኪሞቹ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል» ትላለች። እኔም ዓመቱን ያገኘሁት በዚህ ምልክት ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሌጁ እዚያ እንዲከፈት ካደረጉት ነገሮች አንዱ በ1953 በደምቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ ወደ 7,000 ሰው አልቋል ይባላል። እምዬ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች።

እሷ እንደምታወራው በዚያ ዓመት ክረምቱ ከልክ በላይ ስለነበር የግጦሹ ሜዳ በውኃ ተያዘ። አባቷ ከብቶቹን ነድቶ ዳገት ላይ ወዳሉ ዘመዶቹ ወሰዳቸው። የቤቱ ጋጣ ባዶ ሆነ። ከመስቀል እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ እናቷና ሁለት ወንድሞቿ ሞቱ። መጨረሻ ላይ ሬሳ የሚሸከም ጎልማሳ ጠፍቶ ሴቶች ቀበሩ። ከአጥር ወዲያ ያለው የአጎቷ ቤት ግን ስድስት ከብት ነበረበት። እዚያ ቤት ሰው ታመመ እንጂ አልሞተም። እምዬ ይህን ሰባ ዓመት ይዛው ኖራለች። «ንዳዱ ከብቱን አይቶ ተመለሰ» ነው የምትለው።

ከአምስት ዓመት በኋላ በ1958 ደግሞ የባሰው መጣ። ያን ዓመት ዝናቡም ሙቀቱም ከተለመደው ውጭ ስለነበር ወባው ከቆላ ወጥቶ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን ሀገር አጥለቀለቀ። ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ወይና ደጋ የሚኖር ሰው ወባን በየዓመቱ ስለማያየው ሰውነቱ አልተለማመደውም፤ ስለዚህ ትልቁም ትንሹም ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመት የኢትዮጵያ ወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ በየቤቱ ግድግዳ ዲዲቲ መርጨት ተጀመረ።

አንድ ቤት ተርፎ አንድ ቤት ማለቁ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እምዬ ያየችው ነገር በዕድል ሊሆን ይችላል። ሳነብ ግን የሷን ጥያቄ የዓለም ሊቃውንት ራሳቸው ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲጨቃጨቁበት እንደኖሩ አገኘሁ።

ትንኝ ሞልቶ ወባ የጠፋበት ሀገር

ባዮሎጂ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ወባ የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በበሽተኛ ደም ውስጥ አየው። በ1897 ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። በ1898 ደግሞ ጣሊያናዊው ግራሲና ጓደኞቹ የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌሌስ የምትባለው የትንኝ ዘር መሆኗን አረጋገጡ። ከዚያ በፊት ፈረንጆችም እንደኛ ሰው በሽታው ከረግረግ ሽታ ይመጣል ነበር የሚሉት፤ «ማላሪያ» የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ መጥፎ አየር ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ አለቀ ተባለ። አኖፌሌስ ካለ ወባ አለ፤ አኖፌሌስን ካጠፋን ወባ ይጠፋል ተባለ። ግን ሀገሩን መዞር ሲጀምሩ ሒሳቡ አልገጠመም። በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በሆላንድ ረግረግ አለ፣ አኖፌሌስ ሞልቷል፣ ወባ ግን የሌለባቸው ብዙ ቦታዎች ተገኙ። እንደገና አንድ ቀን መንገድ ርቆ ተመሳሳይ ረግረግ፣ ተመሳሳይ ትንኝ፣ ሰው ግን በወባ የሚያልቅበት ቦታ አለ። ለምን?

አንዱ መልስ ከዴንማርክ መጣ። ቬሰንበርግ-ሉንድ የተባለ የውኃ ነፍሳት አጥኚ በ1920ዎቹ መጀመሪያ አኖፌሌስን ሲፈልግ ያገኛት በሰው መኝታ ቤት ሳይሆን በላም ቤትና በዐሳማ ቤት ነበር። ዴንማርክ ውስጥ ድሮ ወባ ነበረ፤ በኋላ ጠፋ። የሱ አስተያየት ገበሬዎቹ ሞቅ ያለ የከብት ቤት ለብቻ መሥራት ሲጀምሩ ትንኟም ከሰው ቤት ወጥታ ከከብቱ ጋር ገባች የሚል ነው። ሩቦ የተባለ ፈረንሳዊም በዚያው ዘመን ከብቱ ትንኟን ከሰው ላይ ይስባታል እያለ ይጽፍ ነበር። እምዬ ቆላ ድባ ገበያ ላይ የምትናገረውን ፓሪስ ላይ ሲናገሩት ነበር ማለት ነው።

ሆላንድ ውስጥ ደግሞ ስቬለንግሬብል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ወባ ባለበት በባሕሩ ዳር ያለችው ትንኝ ክንፏ አጭር፣ ወባ በሌለበት ያለችው ክንፏ ረዘም ያለ መሆኑን አዩ። ጣሊያን ውስጥ በ1926 ፋሌሮኒ የተባለ የጤና መርማሪ የትንኞቹን እንቁላል አጠና። ትንኞቹ ለዓይን አንድ ናቸው፤ እንቁላላቸው ላይ ያለው ቀለምና ነጠብጣብ ግን ይለያያል። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች መጀመሪያ ብዙም ቁም ነገር አላደረጉትም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሐኬትና ጣሊያናዊው ሚሲሮሊ ከሌሎች ጋር ሆነው የፋሌሮኒን እንቁላሎች ይዘው አገር ለአገር ዞሩ። ያኔ እንቆቅልሹ ተፈታ። አንድ ትንኝ ትባል የነበረችው ብዙ ዘር ናት። አንዷ ከብት ትወዳለች፣ ሰው ቤት የምትገባው ሲቸግራት ነው፤ ሌላዋ ሰው ትወዳለች። ወባ የነበረው ሰው ወዳዷ ባለችበት ነበር።

ትንኝ ማንን እንደነከሰች እንዴት ያውቃሉ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ እኔም ጠይቄያለሁ። የደም መለያ ዘዴ ነበራቸው። ጥንቸልን የላም ደም ሲወጓት ሰውነቷ የላምን ደም ለይቶ የሚያውቅ ነገር ይሠራል። ከዚያ ከትንኝ ሆድ የተጨመቀውን ደም ከዚያች ጥንቸል ከወጣው የደም ውኃ ጋር ያገናኙታል። የላም ደም ከሆነ ይደፈርሳል፤ ካልሆነ ጥርት እንዳለ ይቀራል። የሰው፣ የፈረስ፣ የዐሳማ እያሉ በየተራ ይሞክሩታል። በዚህ መንገድ በ1920ዎቹና 30ዎቹ የብዙ ሺህ ትንኞች እራት ተመረመረ። (ደም የምትጠጣው ሴቷ ብቻ መሆኗን አትርሱ፤ ለእንቁላሏ ነው። ወንዱ የአበባ ወለላ ይበቃዋል።)

ሁለት ንክሻ

ላም ለምን ከወባ ልታድን እንደምትችል ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል። ትንኟ ወባ ለማስተላለፍ ሰውን ሁለት ጊዜ መንከስ አለባት። መጀመሪያ የታመመ ሰው ነክሳ ጥገኛውን ትወስዳለች። ጥገኛው በሆዷ ውስጥ ተራብቶ ምራቋ ዘንድ እስኪደርስ እንደ ሙቀቱ አስር ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ ሌላ ሰው ስትነክስ ታስተላልፋለች። በሁለቱ መካከል በምትነክስበት ቀን ላም ብታገኝ ችግር የለም፤ የሰው ወባ በላም ደም ውስጥ አይኖርም፣ ላምም አትታመም፣ ከላምም ወደ ሰው አይመጣም።

በሒሳብ እንየው። ትንኞቹ ሁሉ ሰው ብቻ የሚነክሱ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ግማሹን ጊዜ ላም የሚነክሱ ከሆነ ግን ፊተኛውም ኋለኛውም ንክሻ ሰው ላይ የመሆን ዕድሉ የግማሽ ግማሽ፣ ማለት ሩብ ይሆናል። ንክሻው በግማሽ ሲቀንስ ወባው በሩብ ደረጃ ይቀራል። እምዬ አጥር ወዲያ ያየችው ይህን ሊሆን ይችላል።

ይህ ደግሞ ሲገለበጥም ታይቷል። የዛሬዋ ጋያና፣ በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ፣ ወባን በዲዲቲ ከባሕር ዳሩ ካጠፋች በኋላ ጨው ባለው ረግረግ የምትራባ አንዲት ትንኝ ቀርታ ነበር። ከብትና አህያ ስለምትነክስ ማንም አልፈራትም። ቆይቶ የሩዝ እርሻው ሰፋ፣ ትራክተር ገባ፣ በሬው ከእርሻ ወጣ፣ ሰዉ በዛ። ትንኟ እራቷን አጣች። ወደ ሰው ዞረች፣ በ1960ዎቹም ወባ ተመልሶ መጣ። ይህን የመዘገበው እዚያው ለብዙ ዓመት የኖረው ጂልዮሊ የተባለ ሐኪም ነው። ያንን ሳነብ ባዶው የእምዬ ጋጣ ትዝ አለኝ።

የኛዋ ትንኝ

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ እምዬን ይቅርታ ጠይቄ ብሩን ለሌላ ነገር አውል ነበር። ግን የጣሊያን ትንኝ የደምቢያ ትንኝ አይደለችም።

በኢትዮጵያ ወባ በማስተላለፍ አንደኛዋ አኖፌሌስ አራቢየንሲስ ትባላለች። ስሟ ከዓረብ ነው፤ ፓተን የተባለ ተመራማሪ በ1905 ስም ያወጣላት በኤደን አካባቢ አግኝቷት ነው። እኛ ለእንጀራ ወደ ዓረብ ሀገር መጣን፤ እሷ የዓረብ ስም ይዛ እኛ ሀገር ትኖራለች። በሌላው አፍሪካ ጋምቢየ የምትባል እህት አለቻት፤ ያቺ ከሰው በቀር ብዙም አትነክስም። የኛዋ ግን ሁለቱንም ናት፤ ሰውም ከብትም ትነክሳለች፣ ቤትም ደጅም ትነክሳለች። ያገኘችውን ነው። የምትራባውም ፀሐይ በሚያገኛት ትንሽ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሸክላ ከወጣበት ጉድጓድ አንስቶ ከብት ረግጦት ውኃ የያዘ ኮቴ ድረስ።

ይህች ዓይነት ትንኝ ባለችበት ላሟ የት ታድራለች የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። በዝዋይ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ አጥንተው በ2002 ጽፈዋል። ከከብት ጋር አንድ ቤት ውስጥ የሚያድረው ሰው ከብት ከሌለበት ቤት ከሚያድረው ይበልጥ በአራቢየንሲስ እንደሚነከስ አገኙ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ትንኝ ሰውና ከብት ያሉበትን የምታውቀው በትንፋሽ፣ በገላ ሽታና በሙቀት ነው። ስድስት ላም አንድ ጎጆ ውስጥ ሲተነፍስ የሚወጣው ጠረን ከሩቅ ይጠራታል። ከገባች በኋላ ላሟን ትነክሳለች፣ ግን መደቡ ላይ የተኛችው ሕፃንም እዚያው ናት። ተመራማሪዎቹ የመከሩት ከብቱ ማታ ከሰው መኖሪያ ራቅ ብሎ እንዲያድር ነው።

ሌላው ማስረጃ የስደተኞች ነው። አፍጋኒስታን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሕዝብ ወደ ፓኪስታን ተሰደደ፤ ከብቱንም ይዞ። ቦታው ጥበት ስለነበር ከብቱ እግር ሥር ነበር የሚያድረው። ላም ያላቸው ቤተሰቦች ከወባ የተጠበቁ መሆናቸውን ለማየት ሐኪሞች ልጆቹን ሲመረምሩ ተቃራኒውን አገኙ። ላም ባለበት ቤት ያሉት ልጆች ይበልጥ ወባ ነበረባቸው። ላሟ ትንኝ ትስባለች፤ በቂ ደም ያገኘች ትንኝም ብዙ እንቁላል ትጥላለች። የሩቡ ሒሳብ ትክክል የሚሆነው የትንኙ ብዛት ካልጨመረ ነው። በኋላ እዚያው ስደተኞች ሰፈር የከብቶቹን ገላ በፀረ ነፍሳት መድኃኒት በስፖንጅ አበሱት። ላሟን ልትነክስ የመጣችው ትንኝ እዚያው ሞተች፤ ወባውም ቀነሰ። ውጤቱ በ2001 ታተመ።

ስለዚህ እምዬም የጤና ሠራተኛዋም የተናገሩት ልክ ነው። ከብት ትንኝን ይስባል፤ እምዬ ያየችው እውነት ነው። ወዴት ይስባል የሚለውን የሚወስነው ግን ከብቱ የታሰረበት ቦታ ነው። ራቅ ብሎ ከታሰረ ከሰው ላይ ሊስብ ይችላል፤ ጋጣ ውስጥ ከታሰረ ወደ ሰው ይስባል።

በሽታውን የያዘው ማን ነው

ከዚህ ጋር መለየት ያለብን ሌላ ነገር አለ። ትንኝ የምትነክሰው እንስሳ አንዳንዴ እራት ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ግን የበሽታው ቤት ራሱ ነው። ይህን መለየት እኔን ከሥራ ከመባረር አድኖኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ለፈቃድ ሀገር ቤት ገብቼ መስከረምና ጥቅምትን ደምቢያ ነበርኩ። ከተመለስኩ ከሳምንታት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ትኩሳት ተነሳብኝ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ጉንፋን ነው ብሎ መለሰኝ። እኔም የት እንደከረምኩ አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን ነገርኩ፣ ደሜ ታየ፣ ወባ ሆነ። ማዳም ስትሰማ ሳህኔንና ብርጭቆዬን ለየችው፣ ልጆቹን እንዳልነካ ከለከለችኝ፣ ወደ ኤጀንሲው ልመልስሽ አለችኝ። ወባ በሳህንም በትንፋሽም እንደማይተላለፍ፣ ከሰው ወደ ሰው የምትወስደው አኖፌሌስ ብቻ መሆኗን፣ ማታ በረንዳ ላይ ከቆሻሻ ውኃ እየወጣች የምትነክሰን ኩሌክስ የሰው ወባ እንደማታስተላልፍ ሐኪሙ ራሱ በዓረብኛ አስረዳት። ሊባኖስ ውስጥ ወባ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን የሚታየው ከውጭ ይዘውት በሚመጡ ሰዎች ላይ ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ዳንኩ፣ ሥራዬም ቀጠለ። ሳህኔ ግን ለወራት ለብቻው ቆየ።

በሽታው በከብቱ ውስጥ የሚኖርበት ምሳሌ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ነው። በ1930ና በ1931 ኬንያ ውስጥ በናይቫሻ ሐይቅ አቅራቢያ በበግ እርባታ ላይ ታወቀ። ከባድ ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ውኃ ሲይዝ፣ በደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝተው የቆዩ የኤዲስ ትንኝ እንቁላሎች ይፈለፈላሉ፤ አንዳንዶቹ ቫይረሱን ከእናታቸው ወርሰውታል። በጉን፣ ፍየሉን፣ ላሙን ይነክሳሉ። ግልገሎች ያልቃሉ፣ እርጉዞቹ ያስወርዳቸዋል። ከዚያ ሌሎች ትንኞች ከታመመው ከብት ወደ ሰው ያዳርሱታል። ሰው ግን የሚይዘው በትንኝ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ከብት ሲታረድ ደሙን ወይም ያስወረደውን ጽንስ በመንካትም ነው።

በመስከረም 2000 ይህ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፍሪካ ውጭ ታየ፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን እና በየመን። በሁለቱ ሀገር ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጂዛንን ብዙዎቻችን በሌላ ነገር እናውቃታለን፤ በየመን በእግር የመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሚደርሱባት ናት። ያኔ የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ከአፍሪካ ቀንድ ከብት መግዛት አቆሙ፤ የሱማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን የሚሸጡበት አጡ። እንግዲህ እዚህ አንዷ ትንኝ የነከሰችው በግ የስንቱን ቤት እንጀራ እንደሚነካ እዩ።

ይህን የጻፍኩት ለማስፈራራት አይደለም። ለአረፋ በግ ሲታረድ አጥቢው፣ ጥሬ ሥጋና ጉበት ቆራጯ እኛ ነን። ጓንት ጠይቁ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኑ፣ ሲጨርሱ በሳሙና መታጠብ ነው። ሥጋው በደንብ ከበሰለ ችግር የለውም፤ ወተትም ይፈላ።

በረቱ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለእምዬ ደወልኩ። አንቺ ተሳስተሻል ብዬ አልጀመርኩም።

«እምዬ፣ ንዳዱ ከብት ይወዳል ያልሽው እውነት ነው። ፈረንጆቹም ጽፈውታል።»

«አላልኩሽም!»

«የምትወደው ከብቱን ከሆነ፣ ከብቱ ከሕፃኗ አጠገብ ምን ይሠራል? ራቅ አድርገሽ እሰሪው፣ እዚያ ትሂድለት።»

ዝም አለች። ከዚያ እውነተኛው ነገር ወጣ። «ጅቡስ? ሌባውስ? በረት አውጥቼ ጠዋት ባዶ ገመድ ባገኝ አንቺ ቤይሩት ሆነሽ ምን ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። እህቶቼ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት የፈጀ የሊቃውንት ክርክር አንብቤ የጅቡን ነገር ግን ረስቼው ነበር። የጤና ሠራተኛዋም በረት ሥሩ ስትል የጅቡን ነገር የጠየቃት የለም። 

በመጨረሻ ተስማማን። በረቱ ከቤቱ ወረድ ብሎ፣ ግን ከደጃፉ በሚታይ ቦታ ተሠራ፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ በሩ ከቆርቆሮ፣ ቁልፍ ያለው። ከታሰበው የአንድ ወር ደመወዝ ጨምሯል፤ ላክሁ። የባሕር ዛፉን አጥር ወንድሜ ሠራው። ጎድጎድ ያለውን የከብቱን መውጫ በአፈር እንዲደለድሉት ነገርኳቸው፤ ኮቴ ውኃ እንዳይይዝ። የእህል መሸፈኛ አድርገውት የነበረው አጎበርም ታጥቦ መደቡ ላይ ተሰቀለ። ይህን ያደረገችው ራሷ እምዬ ናት።

ለናንተ ሁለት ነገር ብቻ ላስታውሳችሁ። ሀገር ቤት ለፈቃድ ስትገቡ «እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፣ ወባ ለምጄዋለሁ» አትበሉ። ዓመታት ተለይተነው ስለቆየን ሰውነታችን ረስቶታል፤ አጎበር ውስጥ ተኙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ደግሞ ሐኪሙ ባይጠይቅም «ወባ ካለበት ሀገር ነው የመጣሁት» በሉት። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል ቀኑ ረዝሟል ብላችሁ አትተዉት።

እምዬ ባለፈው እሁድ ስደውልላት ስለ ወባ አላወራችኝም። ማታ የላሞቹን ትንፋሽ ሳትሰማ መተኛት አስቸግሯታል። ሌሊት እየተነሳች በሩን ከፍታ ወደ በረቱ ታያለች። «እናቴ በሞተችበት ዓመት ነበር ጋጣው እንዲህ ዝም ያለው» አለችኝ። የምለው አጣሁ። ልጅቷ እንዴት ናት ብዬ ጠየቅኋት። «ደህና ናት፤ አጎበሩ ውስጥ ተኝታለች» አለችኝ።

ደህና ሁኑልኝ እህቶቼ።